የአባቴ መቀየሪያ

አባቴ የመብራት ቆጣሪ አንባቢ ነበር። ቀኑን ሙሉ በየሰው ደጃፍ እየቆመ ቁጥር ሲገለብጥ ይውልና ቤቱ ሲገባ መሐንዲስ ይሆናል። ማዕረጉን የሰጠችው አክስቴ ናት። አክስቴ የአባቴ ታላቅ እህት ስትሆን፣ እሑድ እሑድ እየመጣች፣ ደህናው ወንበር ላይ ተደላድላ፣ «የዚህ ልጅ ጭንቅላት እኮ እዚህ የሚቀር አልነበረም» ትል ነበር። ጭንቅላቱ ወዴት መሄድ እንደነበረበት ጠይቄያት አላውቅም። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፤ አክስቴ ያለችው ሁሉ እውነት ነበር።

መሐንዲስነቱ የሚገለጠው በአማተር ሬዲዮ ነው። የእናቴና የአባቴ መኝታ ቤት ጥግ ላይ አንድ ጠረጴዛ፣ ጠረጴዛው ላይ ሰው የሚያዳምጥበት ብቻ ሳይሆን የሚናገርበትም ሬዲዮ ነበር። አባቴ ማይክሮፎኑን ይዞ በሬዲዮ የሚታወቅባቸውን መጠሪያ ፊደሎች ደጋግሞ ይጠራል። ከባሕር ማዶ አንድ ሰው ይመልስለታል። «ጥሩ እሰማሃለሁ፣ አንተስ?» ይላል ሰውየው። «እኔም ጥሩ እሰማሃለሁ» ይላል አባቴ። ከዚያ አመስግነው ይሰነባበታሉ። ይህችኑ ለመባባል ያ ሁሉ ሽቦ ለምን እንዳስፈለገ ዛሬም አይገባኝም፤ ያኔ ግን በምድር ላይ ከዚህ የሚበልጥ ሥራ ያለ አይመስለኝም ነበር።

የምንኖረው የአንድ ሕንጻ የመጨረሻ ፎቅ ላይ ነው። በላያችን ጠፍጣፋ ጣራ አለ፤ ጣራው ላይ የውኃ ታንከር፣ የተከራዮች ልብስ ማስጫ፣ ከማስጫው ወዲያ ደግሞ የአባቴ ሁለት አንቴናዎች። አንደኛው ከዳር እስከ ዳር የተወጠረ ሽቦ፣ ሁለተኛው ሥሩ የሽቦ ጥቅልል ያለበት፣ ቀጥ ብሎ የቆመ ዘንግ። ሽቦው ለቅርብ፣ ዘንጉ ለሩቅ ነው ይላል። ችግሩ ወደ ቤት የሚገባው ገመድ ነበር። አከራያችን በመስኮቱ ክፈፍ ላይ አንድ ቀዳዳ ብቻ ፈቅደው፣ «ሁለተኛ ቀዳዳ ካየሁ ሦስተኛው እናንተ የምትወጡበት በር ነው» ብለዋል። ስለዚህ ሁለት አንቴና፣ አንድ ገመድ። አባቴ ከሽቦው ወደ ዘንጉ ለመዞር በፈለገ ቁጥር ጣራ ላይ ወጥቶ የገመዱን ጫፍ ከአንዱ ነቅሎ ሌላው ላይ ይሰካል። ሲመለስ የጠራው ሰው ሰልችቶት ሄዷል።

አንድ ቀን ከአንድ መጽሔት ዘዴ አገኘ። ድምፁ በሚሄድበት በዚያው ገመድ ውስጥ ትንሽ የባትሪ ኃይል ወደ ላይ መስደድ ይቻላል። ጣራው ላይ አንድ ሳጥን፣ ሳጥኑ ውስጥ ሪሌ የሚባል በማግኔት የሚሠራ መቀየሪያ ይቀመጣል። ኃይሉ ሲደርሰው ጠቅ ብሎ ወደ ዘንጉ ይዞራል፤ ሲቋረጥበት ጠቅ ብሎ ወደ ሽቦው ይመለሳል። ሁሉም ነገር ከወንበር ሳይነሱ።

«ገባሽ?» አለኝ። «አንድ መንገድ ነው። ጋሪም ይሄድበታል፣ መልእክተኛም ይሄድበታል። አይጋጩም።»

ሳይገባኝ ገባኝ አልኩ። እናቴ ፎጣ እያጠፈች በሩ ላይ ቆማ ነበር። «ዘንጉ ሥር ያለው ጥቅልልስ?» አለችው።

አባቴ መጽሔቱን ገለጠ። እናቴ ከማግባቷ በፊት የተቃጠለ ሞተር እየፈቱ ሽቦውን እንደገና በሚጠመጥሙበት ሱቅ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ይህን የማውቀው አክስቴ «የጋራዥ ልጅ» እያለች ስለምታማት ነው። የጋራዥ ልጅ መሆን ጥርስ ካለመቦረሽ ጋር የሚመሳሰል ነውር ይመስለኝ ነበር። ዛሬ እኔ ራሴ ሊፍት ጠጋኝ ነኝ፤ አክስቴ ይህን ሳታይ መሞቷ ለሁለታችንም ሳይሻል አልቀረም።

አባቴ ሳጥኑን ለመሥራት ሦስት ሳምንት ፈጀ። ቤቱ የመበየጃ ካውያ ጭስ፣ እጁ ቁስል ብቻ ሆነ። በአራተኛው ቅዳሜ ሳጥኑን ጣራ ላይ አስሮ ወረደ፣ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፣ እኔን ከጎኑ አቆመና ማብሪያዋን ተጫነ። ቀይ መብራት በራች። ከጣራው ላይ ግን ጠቅ የሚል ነገር አልመጣም። የመጣው ጠጠጠጠጠጠ የሚል፣ እንደ ግንደ ቆርቁር ያለ ድምፅ ነው።

«ወፍ ገብታበታለች» አልኩ።

አባቴ ደስ አላለውም። እናቴን ወደ ጣራ ላካት። ተመልሳ መጣችና ሁለቱ ኩሽና ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ በሩ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ።

«ይይዛል፣ ይለቃል። ይይዛል፣ ይለቃል» አለች እናቴ። «አንዴ እንኳ ጸንቶ አይቆይም።»

«ቀስ በይ፣ ልጅቷ ትሰማለች።»

«ትስማ። ገና ሲይዝ ያ ጥቅልል ኃይሉን ይበላበታል። ኃይሉ ሲያልቅ ይለቃል። መሀል ላይ አንዲት ነገር ብታስገባ ይድናል፤ የባትሪውን ኃይል አግዳ ድምፁን የምታሳልፍ፣ የጥፍር ታህል ካፓሲተር።»

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው አስተማሪ የሆንሽው? ሳጥኑን እንዳትነኪው። ዲዛይኑ ይበላሻል።»

ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። እናቴ አባቴን ጸንቶ የማይቆይ ሰው እያለች ትሰድበዋለች። መሀል የምታስገባው ነገርም መሀል ገብቶ የሚያስታርቅ ሽማግሌ መሰለኝ፤ የጥፍር ታህል ሽማግሌ ከየት እንደምታመጣ ግን አልታይ አለኝ። እያወራች የነበረው ስለ ሪሌው መሆኑን ያወቅሁት አድጌ ነው። ስለ አባቴም ቢሆን ኖሮ ብዙ አልተሳሳተችም።

ኩሽናው ውስጥ ወንበር ተሳበ። ከዚያ የአባቴ ድምፅ ከወትሮው ቀጥኖ ተሰማ። «ለሬዲዮ ክለቡ ሰዎች ሠርቷል ብያቸዋለሁ። ረቡዕ ነው የነገርኳቸው። እስከ እሑድ ብቻ ተባበሪኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናቴ የልብስ ማስጣት አመል ያዛት።

አባቴ ሬዲዮው ጋ ሲቀመጥ እሷ አንዲት ነጭ አንሶላ ሳፋ ውስጥ አድርጋ ትወጣለች። አባቴ ማብሪያዋን ይጫናል፣ ቀይ መብራቷ ትበራለች፣ ከዚያ በካቻቪቴ እጀታ ከጎኑ ያለውን የውኃ ቧንቧ ይመታል። ለሽቦው አንድ ጊዜ፣ ለዘንጉ ሁለት ጊዜ። ጥቂት ቆይቶ ከሩቅ አገር ያለው ሰውዬ፣ «አሁን ድምፅህ ጎላ» ይለዋል። አባቴ ወደ እኔ ዞሮ ቅንድቡን ያነሳል። ወፏም ሄዳለች፤ ጠጠጠ የሚል የለም።

«አባዬ፣ ቧንቧውን ለምን ትመታዋለህ?» አልኩት አንድ ቀን።

ትንሽ አሰበ። «ኤሌክትሪኩ እንዲነቃ ነው» አለኝ።

ይህን ክፍል ውስጥ እጄን አውጥቼ ተናገርኩ። አስተማሪያችን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አዩኝና ተቀመጪ አሉኝ። እውቀት የሌላቸው ሰው መሆናቸውን ያን ቀን ተረዳሁ።

እናቴን ግን ታዘብኳት። አንሶላዋ አንዳንዴ እንኳንስ ልትታጠብ ውኃም አልነካትም። «ደረቅ እኮ ነው» እላታለሁ። «አየር ይምታው» ትለኛለች። አባቴ ቁልፍ እንደተጫነ ዓለም ሲያናግር፣ እሷ የእሱን ታላቅነት ላለማየት ወደ ጣራ የምትሸሽ መሰለኝ። አክስቴም አጸናችልኝ። «ቅናት ነው፣ የእኔ ልጅ» አለችኝ። «የባሏን ክብር ማየት የማትችል ሴት አለች።»

እስከ እሑድ የተባለው አሥራ አንድ ወር ሆነ። እናቴ በነፋስ ወጣች፣ በጠራራ ፀሐይ ወጣች፤ እግሯ ወልቆ በፋሻ እንደታሰረም ደረጃውን እየቆጠረች ወጣች። የአባቴ ዝና በክለቡ ውስጥ ናኘ። ክለቡ ሰባት ሰው ነው፤ ስለዚህ ዝናው ለመናኘት ብዙ አልተቸገረም። ኢንጂነር ይሉት ጀመር። ስለ መቀየሪያውም ጽሑፍ አዘጋጅቶ አነበበላቸው። ጽሑፉ ላይ ያለውን ሥዕል ያሰመርኩት እኔ ነኝ። ሳጥን አለ፣ ገመድ አለ፣ ዘንግና ሽቦ አለ። ሰው የለበትም።

ከዚያ ክለቡ አዲስ ትልቅ ሬዲዮ በስጦታ አገኘ። ቢሮ ስለሌላቸው ከአባላቱ ምርጥ አንቴና ካለው ሰው ቤት ይቀመጥ ተባለ። ሊቀመንበሩ የጥርስ ሐኪም ናቸው፤ ሰው ሲያናግሩ ዓይን ሳይሆን አፍ የሚያዩ፣ ፀጉራቸውን ከግራ ወደ ቀኝ አሻግረው የሚያበጥሩ ሰው። ሬዲዮውን ራሳቸው ቤት ማስቀመጥ እንደሚፈልጉ ሁሉም ያውቃል። ግን ደንብ ደንብ ነውና፣ እሑድ ከሰዓት መጥተው የአባቴን መቀየሪያ በዓይናቸው ሊያዩ ቀጠሩ።

ያን እሑድ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ይወርዳል። ዶክተሩ ከክለቡ ጸሐፊ ጋር መጡ፤ ጸሐፊው የሰማውን ሁሉ ደብተር ላይ የሚያሰፍር፣ ሳይጠየቅ የማይናገር ሰው ነው። አክስቴም አዲስ ቀሚሷን ለብሳ መጥታለች። ሁላችንም መኝታ ቤቱ ውስጥ ተጠጋግተን ተቀመጥን። እናቴ ሻይና ብስኩት አቀረበች፣ ሳፋዋን አነሳች፣ ወጣች።

አባቴ በሽቦው ጀመረ። ከዚያ ማብሪያዋን ተጫነ፣ ቧንቧውን ሁለት ጊዜ መታ፣ ጠበቀ። ከባሕር ማዶ ያለው ሰውዬ፣ «አሁን በጣም ጥሩ» አለ።

ዶክተሩ ሻያቸውን አስቀመጡ። «ድንቅ ነው። የቧንቧው ነገር ምንድን ነው?»

«ልማድ ነው፣ ዶክተር» አለ አባቴ።

«ባለቤትህስ? ሻይ አብራን አትጠጣም?»

«ልብስ ልታሰጣ ወጥታለች» አልኩ እኔ፣ ቀልጠፍ ብዬ።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ዝናቡ መስታወቱን ይገርፈዋል። «በዚህ ዝናብ?» አሉ ዶክተሩ።

«አየር እንዲመታው ነው።»

ጸሐፊው ጻፈ። አክስቴ ዓይኗን ወደ ላይ ሰቅላ፣ «እንግዲህ የጋራዥ ልጅ ናት» አለች፣ በዝግታ፣ ሁሉም እንዲሰማት አድርጋ።

እፍረት ከእግር ጥፍሬ እስከ ራስ ፀጉሬ ወጣብኝ። አባቴ በሕይወቱ ትልቁ ቀን ላይ እያለ ሚስቱ ዝናብ ላይ አንሶላ ታሰጣለች። ሳይብስ ላወርዳት ብዬ ሹልክ አልኩና ደረጃውን ወጣሁ።

እናቴ አንሶላዋን ሳፋው ውስጥ ትታ፣ ጃንጥላዋን በአገጭና በትከሻዋ መሀል ቀርቅራ፣ አንቴናዎቹ ሥር ቁጢጥ ብላለች። ጥቁሩ ገመድ እጇ ላይ ነው። የአባቴ ሳጥን ከጎኗ ምንም ሳይሰካበት ተቀምጧል። ታንከሩ ጋ የቆመው ቧንቧ አንዴ ኳ አለ። እናቴ ዓይኔ እያየ ገመዱን ከዘንጉ ነቀለችው።

አየችኝና፣ «ግቢ፣ ይበርድሻል» አለችኝ።

ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለልኩ ወረድኩና በሩ ላይ ቆሜ፣ «እማዬ የአባዬን ማሽን እየነቀለችው ነው» አልኩ።

የአሥራ አንድ ወር ምሥጢር በአምስት ቃል ወጣ። እኔ ግን ምሥጢር መሆኑንም አላውቅም፤ አባቴን ያዳንኩት መስሎኛል።

ዶክተሩ ጃንጥላቸውን ይዘው ቀደሙ፣ ጸሐፊው ደብተሩን ኮቱ ውስጥ ከትቶ ተከተለ፣ አባቴ መጨረሻ ወጣ። እናቴ ጃንጥላዋን ነፋስ ወስዶባት፣ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተጣብቆ፣ የገመዱን ጫፍ እንደያዘች ብድግ አለች።

«እመቤት፣ ምን እያደረጉ ነው?» አሉ ዶክተሩ።

እናቴ አባቴን አየችው። ብዙ ቆየች እያየችው። ጥፋተኛ ሆና ቃል የጠፋባት መሰለኝ። አሁን ሳስበው፣ እንዲናገር ጊዜ እየሰጠችው ነበር።

አባቴ ጫማውን አየ። «ግቢና ልብስሽን ቀይሪ» አላት።

«አትፍረድባት» አሉ ዶክተሩ። «ሚስቶች በሬዲዮ ይቀናሉ። የእኔዋ አንዴ ማይክሮፎኔን ሽንኩርት ከረጢት ውስጥ ደብቃብኛለች።»

አባቴ ሳቀ። ድምፅ አውጥቶ ሳቀ። ከዚያ ቀን ትዝታዬ ሁሉ ቢጠፋ ያቺ ሳቅ አትጠፋም፤ ያኔ ደግሞ አብሬው ስቄያለሁ።

«እውነት ነው፣ አበላሽቼዋለሁ» አለች እናቴ በረጋ ድምፅ። ጎንበስ ብላ ገመዱን ሳጥኑ ላይ ሰካችው፣ ሳጥኑን ከሁለቱ አንቴናዎች ጋር አገናኘችው፣ እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «ይኸው፣ ኢንጂነሩ እንደሠራው ነው። ከእንግዲህ አልነካውም።»

ወረደች። ልብሷን ቀየረች፣ ፀጉሯን በፎጣ ጠቀለለች፣ ለራሷ ሻይ ቀዳችና በዶክተሩና በአክስቴ መሀል ወንበር ስባ ተቀመጠች። እንግዳ ባለበት እናቴ ስትቀመጥ ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ቀጥሉ» አለች።

አባቴ ማብሪያዋን ተጫነ። ቀይዋ መብራት በራች። ከላይ ጠጠጠጠጠጠ ሆነ። ቧንቧውን ሁለት ጊዜ መታ። እናቴ ሻይዋን እፍ እፍ አለች። አጠፋና እንደገና ተጫነ። ጠጠጠጠጠጠ። ቧንቧውን ጠንከር አድርጎ ሁለት ጊዜ መታ። እናቴ ብስኩት አነሳች። አባቴ ግንባሩ ላይ ላብ አወጣ፤ ካቻቪቴውን ገልብጦ በብረቱ በኩል መታው። ይሄኔ ከታች ፎቅ ያሉት ተከራይ በንዴት ሦስት ጊዜ መልሰው መቱ።

«ሦስት ጊዜ ምንድን ነው?» አለ ጸሐፊው። ከመጣ ወዲህ የተናገረው ይኼን ብቻ ነበር።

«አየሽ ያደረግሽውን?» አለች አክስቴ ወደ እናቴ ዞራ።

«አየሁ» አለች እናቴ።

ዶክተሩ ቧንቧውን አዩ፣ የአባቴን እጅ አዩ፣ እናቴ ራስ ላይ የተጠቀለለውን ፎጣ አዩ፣ ተመልሰው ቧንቧውን አዩ። ከዚያ ፈገግ አሉ፤ ጥርሳቸው ሲታይ ለጥርስ ሐኪም የሚመጥን አልነበረም። ኮታቸውን እየለበሱ አባቴን ትከሻውን ቸብ አደረጉት። «ኢንጂነር፣ ግሩም መቀየሪያ ነበረህ። ማጣትህ ያሳዝናል።»

እንዳዘኑለት ነው የቆጠርኩት። ሬዲዮው ለጊዜው ተብሎ እሳቸው ቤት ገባ፤ እሳቸው እስኪሞቱ ድረስ ጊዜው አላለቀም።

አክስቴ እውነት ተናጋሪ ብላ ከረሜላ ሰጠችኝ። እናቴን አንድ ሳምንት ሙሉ አኮረፍኳት። እሷ ግን ምሳ ዕቃዬን ሞላች፣ ፀጉሬን ሠራች፣ አንድም ቃል አላነሳችም። ወደ ጣራ የምትወጣው ግን ልብስ ስታጥብ ብቻ ሆነ። አባቴ በሽቦው ብቻ እየሠራ ሦስት ሳምንት ከረመ፤ ከሩቅ የሚመልስለት ጠፋ። አንዳንዴ ተስፋ ሳይቆርጥ ማብሪያዋን ይጫናል፣ ግንደ ቆርቁሩ ይጀምራል፣ ያጠፋዋል።

አንድ ሐሙስ ከሥራ መጣና ማብሪያዋን ተጫነ። ከላይ አንዲት ጥርት ያለች ጠቅ መጣች። አጠፋው፣ ጠቅ። አበራው፣ ጠቅ። ከወንበሩ ተነስቶ እኔን በብብቴ አንስቶ አሽከረከረኝ። እናቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለሸሚዙ ቁልፍ ትተክላለች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች።

«ዝናቡ ገብቶበት ነበር» አለ አባቴ። «ደረቀና ዳነ።»

ቆይቶ ታሪኩን አሻሻለው። ሚስቴ በቅናት አበላሽታው ከዜሮ ተነስቼ መልሼ ሠራሁት ይል ጀመር። በክለቡም አለ፣ በሥራ ቦታውም አለ፣ ጡረታ ሲወጣም ባልደረቦቹ ፊት አለ። እናቴ ባለችበት ሲናገር ልክ እንደ እንግዳ ትሰማዋለች። እኔ እስከ ሠላሳ አራት ዓመቴ አምኜ ኖርኩ። ለባሌ ሳይቀር የእናቴ ቅናት ብዬ እያሳቅሁ አውርቼለታለሁ።

አባቴ ከሞተ በኋላ ሕንጻው ሊፈርስ ነው ተባለና ዕቃችንን ላወርድ ጣራ ላይ ወጣሁ። ሳጥኑ ዝጎ፣ በተሰነጠቀ ፕላስቲክ ተጠቅልሎ እዚያው ነበር። የእንጀራ ነገር ሆኖ ሪሌ በቀን ሃያ ጊዜ አያለሁ፤ ብሎኑን ፈትቼ ከፈትኩት። የአባቴ ብየዳ በየቦታው እንደተተፋ ማስቲካ ተድቦልቡሏል። ከሪሌው ወደ ዘንጉ በሚሄደው መንገድ ላይ ግን አንዲት ካፓሲተር ገብታለች፤ ጥፍር ታህላለች። እግሮቿ እኩል ታጥፈዋል፣ ብየዳዋ ያበራል፣ ሥሯ በሰም በተነከረ ክር ሦስት ጊዜ ታስሯል። ሞተር የሚጠመጥሙ ሰዎች ሽቦ የሚያስሩት እንደዚያ ነው። ማስጫው ሥር ተቀመጥኩ።

ሳጥኑን እናቴ ዘንድ ይዤው ሄድኩ። መነጽሯን አድርጋ የመድኃኒት ወረቀት እያነበበች ነበር። ጭኗ ላይ አስቀመጥኩላት።

«ይህቺን ማን ነው ያስገባት?»

አጎንብሳ አየቻት። «አልዛገችም» አለች።

«እማዬ።»

«ጩኸቱ ሰለቸኝ። ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠጠጠጠ። አባትሽ ሥራ ሄዶ አንቺ ትምህርት ቤት እያለሽ ወጣሁና አስገባሁ። ሩብ ሰዓትም አልፈጀብኝ።»

«ታዲያ ለምን በመጀመሪያው ቀን አላስገባሽም? አሥራ አንድ ወር ሙሉ ደረጃ ከምትወጪ?»

«እንዳትነኪው አለኛ። ገመዱን ንቀይ፣ ስኪ ሲለኝ ግን እየለመነ ነው። እጄን ለመነኝ፤ አፍሽን ዝጊ አለኝ።» ሳጥኑን ገልብጣ ብሎኖቹን በጣቷ ዳሰሰች። «እኔም ደግሞ አንድ ቀን ይነግራቸዋል ብዬ ጠበቅሁ። ሞኝ ነበርኩ።»

ያን ቀን በሩ ላይ ቆሜ ያልኩትን ነገርኳት፤ ረስታው እንደሆነ ብዬ። አልረሳችውም። ይቅርታ አልኳት። ከረሜላውን እንደበላሁት ሳይቀር ነገርኳት።

እናቴ መነጽሯን አወለቀች።

«አንቺማ ስምንት ዓመትሽ ነበር» አለችኝ። «እሱ አርባ አንድ ነበር።»